የማርቲ ፊትና የእኔ ድምፅ

ሀምዲያ ማርቲን ኮሪደሩ ላይ አስቁማ ስታመሰግናት እኔ ከኋላ የመልመጃ ወረቀቶች ታቅፌ ቆሜ ነበር። ሀምዲያ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከክፍሉ ሁሉ ጥያቄ የምታበዛው እሷ ናት። «ቲቸር፣ እንዳንቺ አድርጎ የሚያስረዳ መምህር አጋጥሞኝ አያውቅም» አለቻት። ማርቲ ወደ እኔ ዞር ልትል ስትል ራሴን ነቀነቅሁ። ገባትና ፈገግ ብላ ዝም አለች። ሀምዲያ ፈገግታውን እንደ ትሕትና ቆጥራው ሄደች።

ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ።

እኔና ማርቲ ዲላ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ትምህርት ክፍል ረዳት መምህራን ነን። የቡና ዝግጅት የሚባለውን ኮርስ አብረን ነው የያዝነው፤ እኔ ትምህርቱን፣ እሷ ፈተናውንና የፈተናውን እርማት። ችግሩ ቡናው ከዲላ ሩቅ አለመሆኑ ነው ብል ሰው ይስቃል። ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ተማሪ ያየው ይመስለዋል። በዓመት አንድ ቀን፣ በአንድ አውቶብስ ስልሳ ተማሪ ይዘን ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ ወዳለው የቡና ማጠቢያ እንሄዳለን። ስልሳው አንዱን ገንዳ ይከበዋል፤ ከፊት የቆሙት ቡናውን ያያሉ፣ ከኋላ የቆሙት የጓደኞቻቸውን ማጅራት አይተው ይመለሳሉ። ነዳጅ በጠፋባቸው ዓመታት ደግሞ እሱም የለም።

የኮምፒውተር መምህሩ ሲላስ መላ ያመጣው ለዚህ ነበር። ባለፈው ዓመት ኮንጋ እየተመላለሰ ካሜራ ይዞ ዞረ፤ መንገድ የመራሁት እኔ ነበርኩ። የተወለድኩት እዚያ ነው። እናቴ አሰገደች ከማጠቢያው የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ቡና ስትለቅም ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም ትምህርት ሲዘጋ አጠገቧ ቆሜ የተሰባበረውንና የጠቆረውን ፍሬ እየለየሁ አድጌያለሁ። ሲላስ ያንን ሁሉ ወስዶ በመነጽር የሚገባበት፣ በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ዓለም አደረገው። በሩ፣ ሚዛኑ፣ መፈልፈያ ማሽኑ፣ ገንዳዎቹ፣ ማጠቢያው ቦይ፣ አልጋዎቹ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው እንሰት ሳይቀር አለ። ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካለው ክፍል መነጽሩን አድርጎ ይገባል። መነጽሩ ዐሥር ብቻ ስለሆነ የቀሩት በኮምፒውተር ይገባሉ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ።

ለዚያ ዓለም የመምህርት አካል ያስፈልግ ነበር፤ ሲላስ አቫታር ይለዋል። እኔ ስናገር የምትናገር፣ እጄን ሳነሣ እጇን የምታነሣ። ፊቷን ለመሥራት ከየአቅጣጫው የተነሣ ሃያ ፎቶ ስጪኝ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩት። ሳምንቱ ሲደርስ ደግሞ በሚቀጥለው አልኩት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ማርቲ ቻርጀር ልትዋስ ቢሮው ገባች፤ ፊትሽን አበድሪኝ ቢላት የጆሮ ጌጧን አውልቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ሲላስ ለረጅም ጊዜ የእኔን ፎቶ አልጠየቀኝም። ቢሮው በገባሁ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሷን ጉንጭ ሲያስተካክል አገኘው ነበር፤ ለአንድ ጉንጭ ያን ያህል ቀን ለምን እንዳስፈለገው አልጠየቅሁትም።

የመጀመሪያው ትምህርት ሊጀመር ሲል ሁለቱንም አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ድምፁ የእኔ መሆኑን ለማንም እንዳይናገሩ። ክፍሉን ከዚህ በፊት አስተምሬው ስለማላውቅ ድምፄን አይለዩትም። ተማሪዎቹ እኔ መሆኔን ካወቁ አንደበቴ እንደሚያያዝ አውቃለሁ። አምና በተማሪዎች ምዘና ላይ አንዱ ስለ እኔ የጻፈውን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «ጥሩ ሰው ናት፤ ግን ድምጿ አይሰማም።»

ከቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ጎን ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ መነጽሩን ሳደርግ ግን ድምፄ ይሰማል። ስልሳ ሰው የሚያየው የማርቲን ፊት ነው፤ ስለዚህ ከማንም ዓይን መሸሽ አያስፈልገኝም። አንድ ቀን በፍቃዱ የሚባል ልጅ የምናቡ ቦይ ውስጥ ገብቶ መውጫው ጠፋው። «በፍቃዱ፣ ከቦዩ ውጣ፤ ካንተ የተሻለው ቡና ቀድሞህ ታጥቦ አልፏል» አልኩት። ሳቁን በማዳመጫው ሳይሆን በግድግዳው በኩል ሰማሁት፤ የስልሳ ሰው ሳቅ። በእኔ ንግግር ሰው ሲስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊቴ እንደ ጋለ ስወጣ ተማሪዎቹ በሩ ላይ ማርቲን ከብበዋት «ከቦዩ ውጣ» እየተባባሉ ይስቁ ነበር። እኔን አሳልፉኝ ብዬ በመካከላቸው አለፍኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርቲን መቁጠር ያዝኩ። ስንት ሰው ሰላም እንደሚላት፣ ስንቱ በስሟ እንደሚጠራት፣ ስትስቅ ምን ያህል ጥርሷ እንደሚታይ። የዲላ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ አስፋልቱ ዳር የሕንፃ ዕቃ መደብር አለው። አማርኛዋ ዜና እንደሚያነብ ሰው ነው። እኔ ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ ሁለት ጊዜ ሳልደግም አልናገርም። ይህ ሁሉ የሷ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልቀነሰልኝም።

ከሁሉም የባሰው ማስታወሻ ደብተሯ ነበር። ማርቲ እኔ በማስተምርበት ሰዓት ሁሉ ከቢሮዋ በኮምፒውተር ገብታ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች፤ የምናገረውን ቃል በቃል ትጽፋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ኮሪደር ላይ ሲጠይቁኝ እንዳላሳፍርሽ ነው አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይነካው ነበር። እኔ ግን ፊቱ ሳያንሳት አሁን ደግሞ ቃሌን እየወሰደች ነው ብዬ አሰብኩ።

በጥቅምት የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ጥበቡ ሁለታችንንም ጠርተው አስቀመጡን። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚላከው በዚህ ዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው። ውጤታችን እኩል ስለሆነ የሚወስነው የተማሪዎች ምዘና ይሆናል። ምዘናው ደግሞ እንደ ልማዳችን ከመስክ ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ይሞላል፤ ስልሳው ተማሪ ሳይጎድል የሚገኘው ያን ቀን ብቻ ነውና። ማርቲ ስንወጣ ክንዴን ይዛ ማናችንም ብንሄድ ደስ ይለኛል አለችኝ። እኔም አልኩ። የሷ እውነት ይመስለኛል።

አሁን ስለ አረንጓዴው መብራት መናገር አለብኝ።

ቀዩ ቡና ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬው ላይ የሚያሙለጨልጭ ሙጫ ይቀራል። ገንዳ ውስጥ ተጠራቅሞ ይብላላል፤ ሙጫው ሲለቅ ይታጠባል። ቶሎ ከታጠበ ሙጫው ፍሬው ላይ ይደርቃል፣ ከቆየ ቡናው ይኮመጥጣል። መድረሱ የሚታወቀው በእጅ ነው። ክንድህን እስከ ክርንህ ታስገባለህ፣ ከሥሩ ዘግነህ ታሻለህ። ካሙለጨለጨ ገና ነው። ሲደርስ ፍሬው እርስ በርሱ እየተፋጨ እንደ ጠጠር ኮሽ ኮሽ ይላል። ኮንጋ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በምናባዊው ዓለም ግን እጅ አይዳስስም። ሲላስ ምን ላድርግ ሲለኝ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሠላሳ ስድስት ሰዓት ሰጠሁት፤ እሱም ከገንዳው በላይ ሰዓቱ ሲሞላ አረንጓዴ የሚሆን መብራት ሰቀለ። በቀዝቃዛ ቀን ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ፣ እውነተኛው መብራት እጅ መሆኑን በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ፤ ሳልነግራቸው ኅዳር ገባ።

የመስክ ጉዞው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ማርቲ ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠች። ተማሪዎቹ ማብራሪያውን ከሷ እንደሚጠብቁ ሁለታችንም እናውቃለን። ማጠቢያ ጣቢያ ረግጣ አታውቅም፤ አምና በጉዞው ዕለት ታማ ቀርታለች።

«ሉሲ፣ ነገ የምሳሳተው ነገር ይኖራል?» አለችኝ። «ከመብራቱ ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ።»

ደብተሩን አየሁት። ሠላሳ ስድስት ሰዓት የሚለውን በቀይ አስምራበታለች። የተናገርኩትን ሁሉ እንዳልኩት ጽፋው ነበር።

«የለም» አልኩ። «ሁሉንም ታውቂያለሽ።»

አመስግናኝ ሄደች። እኔም የመልመጃ ወረቀቶቼን ማረም ቀጠልኩ። አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አርሜ እንደነበር ያወቅሁት ሲነጋ ነው።

በማግስቱ አውቶብሱ ከይርጋጨፌ አልፎ ከአስፋልቱ ሲወጣ ጭቃው አላስኬደው አለ፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ አልወጣም ነበር። ሞተር ሳይክል የያዙ ልጆች ጆንያ ጭነው እያለፉን ጭቃ ይረጩብን ነበር። ተማሪዎቹ ግቢው ሲገቡ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ተበተኑ፤ «ሚዛኑ እዚህ ነው፣ ማሽኑ በዚያ በኩል ነው» እየተባባሉ። መጥተው አያውቁም። ሲላስ እዚህ ቢኖር ደስ ባለው አልኩ፤ ለጥቂት ጊዜም ቅናቴን ረሳሁት።

የገንዳው ኃላፊ ዘርትሁን ሃያ ዓመት እዚያ ሠርቷል። አንድ ልማድ አለው፤ የተማረ እንግዳ ሲመጣ ገንዳው መከፈት አለመከፈቱን መጀመሪያ እንግዳውን ያስፈርዳል። ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹ ጨዋታ። ሠራተኞቹም ያውቁታልና መቅዘፊያ እንጨታቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ይህንንም ለማርቲ አልነገርኳትም።

ዘርትሁን ዋናዋ መምህርት ማን እንደሆነች ጠየቀ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ማርቲን አሳዩት። እኔ የምዘናውን ወረቀት የያዘ ቦርሳ አንግቼ ከኋላ ነበርኩ።

«እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ሰው መጣልን» አለ። «መምህርት፣ ይሄን ገንዳ ልክፈተው ወይስ ልተወው?»

ማርቲ መቼ እንደተፈለፈለ ጠየቀችው። ከትናንት ወዲያ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አላት። ሰዓቷን አየች፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ከተተች፣ ውሃው ቀዝቅዟት ትከሻዋን አነሣች። ምን መፈለግ እንዳለባት እንደማታውቅ ከጣቶቿ ይታወቅ ነበር።

«ደርሷል» አለች። «ሠላሳ ሰባት ሰዓት ሆኖታል።»

«ቡናው እኮ ሰዓት አላሰረም፣ እህቴ» አለ ዘርትሁን።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ዘርትሁን ከሥር አንድ እፍኝ አውጥቶ መዳፏ ላይ አደረገላት፤ ፍሬው በጣቶቿ መካከል እያሙለጨለጨ መሬት ላይ ፈሰሰ። በፍቃዱ ከጎን ሆኖ እኛ የተማርነው ሠላሳ ስድስት ተብሎ ነው፣ መብራቱም ያኔ አረንጓዴ ይሆናል አለ። ዘርትሁን የምን መብራት እንደሆነ ጠየቀ። ሲያስረዱት ሳቁ ወደ አልጋዎቹ ተዛመተ፤ ሴቶቹ እናቴ ጭምር ሥራቸውን ትተው ቀረቡ። በጌዴኦኛ አንዷ ለሌላዋ መብራት የተሰቀለለት ገንዳ እያለች ስትነግራት ሰማሁ።

ሀምዲያ አልሳቀችም። ፊቷ የተታለለ ሰው ፊት ነበር። «ቲቸር፣ አንቺ ነሽ እኮ እንደዚህ ያልሽን» አለች።

ማርቲ ወደ እኔ ተመለከተች። ክንዷ እስከ ክርኗ ረጥቦ ውሃው ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ እኔ አይደለሁም ብትል ያበቃል። እንዳትናገር የለመንኳት እኔ ነኝ። አልተናገረችም።

የተመኘሁት ይኸው ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ በጭንቅላቴ ስስለው የኖርኩት ይህንኑ ነበር፤ ማርቲ በሰው ፊት የምታፍርበትን ቀን። ቦርሳዬ ውስጥ ስልሳ ወረቀት አለ። ሁለት ሰዓት ዝም ብል ይበቃኝ ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ የማውቀው ሥራ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ የሚስቁት በእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር። መብራቱም የእኔ ነው። የእኔ ነው ለማለት ሁለት ወር ስጠብቅ፣ ምስጋናው በተነሣ ቁጥር ዝም ብዬ፣ አሁን ስህተቱ ብቻ ቀርቦልኛል።

«ሀምዲያ፣ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አልኩ።

ድምፄ ወጣ፤ ግን ማንም አልዞረም። ሀምዲያ ብቻ የማርቲን አፍ አየች። አፏ ዝግ ነበር። ከዚያ የተናገረውን ሰው ፍለጋ ዓይኗ በተማሪዎቹ ላይ ተንከራተተ። በፍቃዱ ገንዳውን በደንብ ለማየት ሲል አንድ እግሩን ባዶው ቦይ ውስጥ አድርጎ ቆሟል።

«በፍቃዱ፣ ከቦዩ ውጣ» አልኩት።

ወጣ። ስልሳው ሁሉ ዞረ። ያን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። ቦርሳውን ለሀምዲያ ሰጥቼ ወደ ገንዳው ሄድኩ፤ እየሄድኩ ትምህርቱን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ማርቲ ያለችው እኔ ያልኩትን እንደሆነ፣ ሰዓቱም ስህተት እንደሆነ ነገርኳቸው። ክንዴን ከትቼ ከሥሩ ዘገንኩ። ብርዱን እጄ ያውቀዋል።

«ገና ነው» አልኩ። «ነገ ጠዋት ይደርስ ይሆናል። ሲደርስ ይሰማችኋል፤ ኮሽ ኮሽ ይላል።»

ዘርትሁን ጠጋ ብሎ አየኝ። «የአሰገደች ልጅ አይደለሽ?» አለ። «ታዲያ አውቀሽ ሳለ መብራት ምን አሰቀለሽ?»

ተማሪዎቹን በየተራ እጃቸውን እንዲያስገቡ አሰለፍኳቸው። ስልሳውም አስገቡ፤ የጓደኛውን ማጅራት ብቻ አይቶ የተመለሰ ያን ቀን አልነበረም።

ወደ አውቶብሱ ስንመለስ ማርቲ ከጎኔ ሆነች። «ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አለች።

«አዎ» አልኩ።

እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል በሆዴ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስተኛው ላይ አውቶብሱ ጋ ደረስን።

ወረቀቱን ማደል የእኔ ሥራ ነበር። ማርቲ ግን ተቀበለችኝና አደለች። አንዱ ለምናባዊው ትምህርት የማንን ስም እንጻፍ ብሎ ጠየቀ። የሉሲን ጻፉ፣ እኔ ፊት ብቻ ነኝ አለችው። ሳቁ፤ ከሷ ጋር ነበር የሳቁት። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ እሷ ከዚህ ሁሉ በኋላም እንዴት ልታስቃቸው እንደቻለች አስብ ነበር።

በጥር ዶክተር ጥበቡ ጠሩኝ። ነጥቤ ከማርቲ በትንሽ በልጧል። ብዙዎቹ ስህተቴን ጽፈዋል፤ ማመኔንም ጽፈዋል። ከመወሰናቸው በፊት ማርቲን የምትጨምረው ነገር እንዳለ ጠይቀዋት ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስተማረችው ሉሲ ናት፣ የሚገባውም ለሷ ነው ብላለች። የምላከው እኔ ነኝ ማለት ነው። ስለ ጉዞው ዋዜማ ምን አለች ብዬ ልጠይቅ አልኩ፤ ግን እሳቸው ስለ ዋዜማው ምንም እንደማያውቁ ከፊታቸው ገባኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሲላስ መብራቱን አነሣው። በምትኩ ኮንጋ ሄደን ድምፁን ቀዳን፤ ያልደረሰውን፣ የደረሰውን፣ ያለፈበትን። እጄ ገንዳ ውስጥ ስለነበረ ማይክራፎኑን የያዘችው ማርቲ ናት። አሁን ተማሪ እጁን ሲያሽ በማዳመጫው ይሰማል፤ ኮሽ ካላለ ይጠብቃል። ፊቱንም ልቀይረው፣ ፎቶሽን ስጪኝ አለኝ ሲላስ። ተማሪዎቹ ግን ለምደነዋል ይቆይልን አሉ።

ስለዚህ እስክሄድ ድረስ በማርቲ ፊት አስተምራለሁ። ትናንት ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ምናባዊው ገንዳ ላይ ጎንበስ አልኩ፤ ሲላስ ውሃውን መልክ እንዲያሳይ አድርጎታል። ፊቷ ከውሃው ውስጥ አየኝ። ስናገር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዝም ስል ይዘጋል፤ ያን ቀን ገንዳው ዳር እንደዘጋችው። ዝምታ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር። እሱንም ከእኔ በተሻለ ታውቅበታለች። ቀናሁባት፤ ከጉንጯም፣ ከሳቋም፣ ከኮሪደሩ ሰላምታም በላይ። መነጽሩን አውልቄ ወደ ቢሮዋ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ፈተና እያረመች ነበር። በሆዴ የደገምኩትን ይቅርታ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፄን አውጥቼ ተናገርኩት።

ቀና አለች፤ ወንበሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንሥታ ቦታ ሰጠችኝ።